የባለጸጋ በሽታ የያዛት ጎመን ሻጭ

ጆሮአችሁን ስጡኝ፤ የማትቆጩበት ወግ ይዣለሁ። አንድ ሹም የጡት ካንሰር ምርመራ ድንኳን አስተክሎ የባለጸጋ ሚስቶችን ከፊት ወንበር ላይ አስቀመጠ። ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች ጎመን ሻጭ ብትመጣ ግን ከደጃፉ አገዳት።

«ሴትዮ፣ ይህ የባለጸጋ በሽታ ነው! እነሱ ዘግይተው ይወልዳሉ፣ ጥቂት ያጠባሉ። አንቺ ስንት ልጅ አጠባሽ?»

«ሰባት፣ ጌታዬ።»

«በይ ሂጂ፣ አይነካሽም!»

ሴትዮዋ እብጠቷን ዳሰሰችና እልልታዋን አቀለጠችው። «ጎረቤቶቼ፣ እልል በሉልኝ! ዕድሜዬን ሙሉ የሸሸኝ ሀብት በጡቴ በኩል ገባ! ጌታዬ፣ ባለጸጋ ከሆንኩ ከፊት ወንበር ይስጡኝ፤ ደሃ ነሽ ካሉኝም በሽታው ደሃ ቤት ይገባል ማለት ነውና ያስመርምሩኝ!»

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ፤ ሹሙም የራሱን ወንበር ለቀቀላት። አያችሁ፣ በሽታው ባለጸጋዋ ዘንድ ይበዛል፤ ደሃዋ ላይ ግን ዘግይታ ስለምትታከም ይበረታባታል። እህቶቼ፣ ዛሬውኑ ሂዱና ተመርመሩ!