የከርከሮ ሠርግና የመዳቡ ገንቦ

ድሮ ነው፣ በጣም ድሮ፤ ተራሮች ገና ጥርስ ሲያወጡ። ስሙ በጠፋ አንድ አገር አያ ከርከሮ የሚባል እጮኛ ነበር። ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ሆዱን ቁርጠት ያዘው። ሆዱ ሲጮህ ጎረቤቶቹ ዝናብ የመጣ መስሏቸው የተሰጣ እህል አስገቡ።

«ወየው ጉዴ! አማቶቼ ፊት እንዲህ ከጮኸ ልጃቸውን ይዘው ይመለሳሉ» አለና ወደ እማማ ዔሊ ሮጠ።

እማማ ዔሊ ሦስት መቶ ዓመት ስትኖር አንድ ቀን እንኳ አስነጥሷት አያውቅም። ጓዳዋ ውስጥ እንደ ጀምበር የሚያበራ የመዳብ ገንቦ አላት። ከሱ አንድ ዋንጫ ቀድታ ሰጠችው። በማግስቱም ደገመችለት። ሆዱ ጸጥ አለ።

«እማማ፣ ይኼ ምን የሚሉት መድኃኒት ነው?»

«ውሃ ነዋ ልጄ። ገንቦውን በሎሚ አጥባለሁ፤ ከተራራው ምንጭ በቅል እቀዳለሁ፤ ከድኜ አሳድረውና ጠዋት እጠጣለሁ።»

«በዚያ ሁሉ ዳገት?»

«እኔ ሳዘግም አንድ ቀን ይፈጅብኛል። አንተ ሯጩ ምን ቸገረህ?»

አያ ከርከሮ ግን ዳገት ሲባል ገና ጉልበቱ ይከዳዋል። «ውሃማ ያው ውሃ ነው፤ ፈዋሹ መዳቡ ነው!» አለ በልቡ። እማማ ዔሊ ቅሏን ይዛ ወደ ምንጩ ስትነሳ፣ ገንቦውን አፈፍ አድርጎ ወሰደ። ደጁ ላይ ካለው፣ ራሱ ከሚንከባለልበት ኩሬ እስከ አፉ ሞልቶ ከድኖ አሳደረው።

ሠርገኛው መጣ። አያ ከርከሮ ገንቦውን መሐል አቁሞ፣ «ይኼ ውሃ እንዳይመስላችሁ፣ ዕድሜ ነው! አንድ መላጣ አንበሳ ጠጥቶት ጎፈር አብቅሏል!» እያለ ያድል ጀመር።

የሙሽራዋ አባት አሸተተና፣ «ልጄ፣ ሽታው ምንድን ነው?» አለ።

«የመዳቡ ነው አባቴ!»

«ቀለሙስ?»

«እሱም የመዳቡ!»

«ይኼ የሚዋኘውስ?»

«እሱም… የመዳቡ ነው! ውሃማ ያው ውሃ ነው፤ ፈዋሹ መዳቡ ነው! ይጠጡ!»

የሠርግ ዋንጫ አይመለስምና ሁሉም ተጎነጨ፤ ዓይነ ርግቧን የተከናነበችው ሙሽራ ብቻ ቀረች። ዘፈኑ ሳይሞቅ ሆድ ከበሮ መታ። ሚዜው ወደ ቁጥቋጦ፣ አጃቢው ወደ ገደል፣ ሙሽራው ከሁሉም ቀድሞ! በዚያ ዓመት እዚያ ቁጥቋጦ ሥር የበቀለ ዱባ በሬ አከለ ይባላል።

እማማ ዔሊ ቅሏን ይዛ ከምንጩ ሠርጉ ቤት ስትደርስ ገንቦዋን አየችና ክዳኑን አነሳች። አንዲት እንቁራሪት ብቅ ብላ፣ «እንደምን ዋልሽ?» አለቻት።

ሙሽራው ከቁጥቋጦው ሲመለስ፣ «አያ ከርከሮ! ገንቦዬን ምን ሞላኸው?» አለችው እማማ ዔሊ።

«ከደጄ ነው እማማ… ውሃማ ያው ው…» ሳይጨርስ ሆዱ ጮኸ፤ ተመልሶ ሮጠ።

ያኔ ሙሽራዋ ዓይነ ርግቧን ገለጠችና ወደ ቁጥቋጦው ጮኸች፦ «ስማ አንተ! ገንቦውን አጥበህ ለባለቤቷ መልስ። ከዚያ ቅል ያዝና ዳገቱን ውጣ። ንጹሕ ውሃ ቀድተህ የመጣህ ቀን ሽማግሌ ላክ!»

አያ ከርከሮም ቅሉን ጭራው ላይ ሰክቶ ዳገቱን ተያያዘው። ይኸው እስከ ዛሬ ሲሮጥ ጭራውን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው፣ ቅሉ እንዳይወድቅበት ነው።

መዳቡ ቢያበራ፣ ውሃው ካልጠራ፣ ለሆድ መከራ።