የውኃ አባቱ አውፍታ

በቀደመው ዘመን፣ ከተራራ የሚወርድ አንድ ቦይ ማሳዎቿን ሁሉ በሚያጠጣባት ጥንታዊት ከተማ፣ ሸህ ሙዘይን የሚባሉ አላህን ፈሪ አዛውንት ነበሩ። የከተማዋ የውኃ አባት እሳቸው ናቸው፤ ውኃውን በተራ የማከፋፈሉ አማና፣ ያ ከባድ አደራ፣ በእጃቸው ነበር። ዕድሜ ሲጫናቸው ደረሳቸውን፣ ተማሪያቸውን አብዱልባሲጥን ለቦታው ማዘጋጀት፣ የውኃውንም ፍርድ ለእሱ መተው ጀመሩ። አብዱልባሲጥ ኪታብ የጠገበ፣ አድልዎ የማያውቅ ሰው ነበር፤ ቁጣው ግን ከቃሉ ይቀድማል።

አንድ ጁምዓ፣ አባ ይመር የሚባሉ ገበሬ ከቦይ ጠረጋ ሦስት ጊዜ መቅረታቸው ተነገረው። ከሶላት በኋላ ጀመዓው ሳይበተን ተነሥቶ፣ «ያልጠረገ አያጠጣም፤ ስምምነታችን ይህ ነው» ብሎ ተራቸውን ሰረዘ። አባ ይመር ቃል ሳይተነፍሱ ወጡ። ከዚያ ወዲያ መስጊድ አልመጡም፤ የበርበሬ ማሳቸውም ይጠወልግ ጀመር።

ሸህ ሙዘይን ይህን ሲያዩ ደረሳቸውን ጠርተው፣ «ከዐስር ሶላት በኋላ አባ ይመርን ቤታቸው ሄደን እንዘይራቸው» አሉት።

«ብይኑ ተሳስቷል እንዴ፣ ሸሃችን?»

«ብይኑን ተወው። ሰውየውን እንጠይቅ።»

አባ ይመር ሰላምታቸውን መልሰው ቁርበት አነጠፉላቸው። አብዱልባሲጥ ስለ ስምምነቱ ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት፣ ሸሁ ጉልበቱን ጫን አደረጉት። ሁለቱም ተቀምጠው ጠበቁ። በመጨረሻ አባ ይመር፣ «ዓይኔ እየደከመ ነው» አሉ። «ከሰው መሀል ዶማ ባነሣ የማን እግር ላይ እንደሚያርፍ አላውቅም። ፈራሁ።»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?» አለ አብዱልባሲጥ።

«መች ጠየቅከኝ፣ ልጄ? ፈርደህ ጨርሰህ ነበር።»

አብዱልባሲጥ ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ሳመና፣ «አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ።

«አውፍ ብያለሁ። የዓይኔን ነገር ግን ለሰው አታውራብኝ።»

በቀጣዩ ጁምዓ በዚያው ጀመዓ ፊት ቆመ። «አባ ይመርን ሳልጠይቅ ፈረድኩባቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ተራቸው ተመልሷል» አለ። ምክንያቱን አልተናገረም። የእሳቸውንም የጠረጋ ድርሻ ራሱ ተወጣው። በርበሬው አገገመ፤ አባ ይመርም ወደ መስጊዳቸው ተመለሱ።

ሸህ ሙዘይን በዚያው ሳምንት አማናውን ለአብዱልባሲጥ አስረከቡ። አንዳንዶች፣ «ጥፋቱን ገና አሁን ከአፉ ሰምተን እንዴት ይሾማል?» ቢሏቸው፣ ሸሁ ፈገግ አሉ፦ «ጥፋቱን በፊታችሁ ያመነን ሰው፣ ወደፊትም ጥፋቱን ልትነግሩት አትፈሩም።»

ወገኖቼ፣ አብዱልባሲጥ ሕጉን ያውቅ ነበር፤ በዚያ አይታማም። የጎደለው ሰው እስኪናገር መታገሥ ነው፤ እሱንም ከሸሁ ጎን ተቀምጦ ተማረው። እኛስ? በቤትም በመሥሪያ ቤትም የምንመራቸው ሰዎች ዝም ሲሉን ተስማሙ ብለን ደስ ይለናል። ምናልባት የሚጠይቃቸው አጥተው ይሆናል። አላህ ጠይቆ ለሚሰማ ልብ ይወፍቀን።