ከጆንያው የተረፈው ቡችላ

አንድ የእህል ነጋዴ ነበር። ምንዳዬ ይባላል። በሚኖርባት ትንሽ ከተማ ሰው ሲጣላ ለሽምግልና የሚጠራው እርሱ ነው፤ ሐዘን ሲደርስ ድንኳን ለመትከል ቀድሞ የሚደርሰውም እርሱ ነው። በክፉ የሚያነሳው ሰው አልነበረም። እርሱም ራሱን ደግ ሰው አድርጎ ያስብ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ከገጠር ሲመለስ ከተማው መግቢያ ካለው ድልድይ ሥር ቀጭን ድምፅ ሰማ። ጎንበስ ብሎ ቢያይ፣ ከወንዙ ዳር ቁጥቋጦ የያዘው አንድ ጆንያ አለ። ወርዶ ገመዱን ፈታው። ውስጡ አራት ቡችሎች ነበሩ። ሦስቱ ሞተዋል። አራተኛው፣ ዓይኑን በቅጡ ያልገለጠ ቡናማ ቡችላ፣ በወንድሞቹ ላይ ተኝቶ ይንቀጠቀጣል።

ምንዳዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ገመዱን በእጁ እንደያዘ ቀረ። ገመዱ ሁለት ጊዜ ተቋጥሮ ነበር። ለእንዲህ ያለ ሥራ ቋጠሮ የሚያጠብቅ ሰው እንዴት ያለ ነው? አለ በልቡ። ሦስቱን ቀበረ፤ አራተኛውን በጋቢው ጠቅልሎ ይዞ ሄደ።

ከመጋዘኑ አጠገብ ባለችው ክፍል በቅርጫት አስተኛው። የጨርቅ ጫፍ ወተት ውስጥ እየነከረ አጠባው። በመጀመሪያው ሳምንት ይሞታል ብሎ ነበር፤ አልሞተም። በሦስተኛው ሳምንት የምንዳዬን ጫማ እየነከሰ መጎተት ጀመረ።

ነገር ግን ምንዳዬ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው የሚኖረው፤ ከሳምንቱ ግማሹን ደግሞ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ለቡችላው ዘላቂ ቤት ሊፈልግለት ወሰነ። አንድ ባለ ጋራዥ ልውሰደው ብሎ መጣ። «ጨለማ ቤት አስሬ በርበሬ አበላዋለሁ። ሲያድግ ሰው አያስቀርብም» አለው። ምንዳዬ በሩን አሳየው። ሌላው ለልጆቹ የበዓል መጫወቻ ፈለገው። «ሲያድግ ግን መልሰው ይረከቡኛል አይደል?» ሲል ጠየቀ። ለእርሱም አልሰጠም።

ለመጣው ሁሉ የጆንያውን ነገር ይተርካል። ሲጨርስም «ይህን ያደረገ እጁ ይድረቅ» ይላል። በእድር ስብሰባ ላይ ሳይቀር ተነሥቶ ይህንኑ ተናገረ፤ ሰዉም ደንግጦ አሜን አለ።

በመጨረሻ ወይዘሮ ዘርትሁን መጣች። ከወንዙ ማዶ ጎመንና ካሮት እያለማች የምትኖር ብቸኛ ሴት ናት። አሥራ ሁለት ዓመት አብሯት የኖረ ውሻዋ በክረምቱ ሞቶባታል። ስለ ቡችላው ጠባይ፣ ስለሚበላው፣ ስለ ሆዱ ሁኔታ ጠየቀች። ምንዳዬ ደስ አለው። ዘበኛውን ቢራራን ጠርቶ «ቡችላውን አምጣው» አለው።

ቢራራ ቡችላውን ይዞ ሲመጣ ሴትዮዋ «እናቱስ የት ናት?» አለች።

«ማን ያውቃል?» አለ ምንዳዬ። «እጁ ይድረቅና፣ የጣላቸው ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው።»

ቢራራ ቡችላውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ባርኔጣውን አወለቀ።

«ጌታዬ፣ እኔ አውቃለሁ» አለ። «እናቱ እዚሁ ግቢ የተጠጋች የመንገድ ውሻ ነበረች። ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ባዶው ጆንያ ክምር ውስጥ ነው የወለደቻቸው። በጠፉበት ሌሊት እስኪነጋ እያሸተተች ፈለገቻቸው። ከዚያ ሄደች፤ አልተመለሰችም።»

«የጣልካቸው አንተ ነህ?» አለ ምንዳዬ።

«እጁ የእኔ ነው። ያን ቀን፣ ገጠር ከመሄድዎ በፊት፣ የጭነት መኪና እያስጫኑ ነበር። ‹ውሻዋ ወልዳለች፣ ምን ላድርጋቸው?› ብዬ ጠየቅሁዎ። ‹አጥፋልኝ፣ ዳግመኛ እንዳላያቸው› አሉኝ።»

ምንዳዬ ሊክድ አፉን ከፈተ። መጫኑን ያስታውሳል። የስንዴውን ዓይነት ያስታውሳል፤ ሾፌሩ ጎማ ፈንድቶበት መዘግየቱን ሳይቀር ያስታውሳል። ይህን ቃል ግን ፈልጎ አጣው። ቢራራ ደግሞ በዘጠኝ ዓመት አንድም ቀን ዋሽቶት አያውቅም። ቃሉ የወጣው ከራሱ አፍ እንደሆነ ገባው።

«ግደላቸው መች አልኩህ?» አለ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«አላሉኝም። እንዴት እንደማደርገው አልጠየቁኝም፤ እኔም መልሼ አልጠየቅሁዎ። ይቆጡኛል ብዬ ፈራሁ። እርስዎ ያንን ቡችላ በጋቢ ጠቅልለው በበሩ ሲገቡ መሬት ብትውጠኝ በወደድሁ። ከዚያ ወዲህ በረገሙ ቁጥር አሜን የምለው እኔ ነኝ።»

የምንዳዬ ፊት ተለዋወጠ። ጣቱን ወደ በሩ ዘርግቶ «ከዚህ ግቢ ጥ...» አለና ቃሉ አፉ ውስጥ ቀረ። ከአፉ ሊወጣ የነበረውን «ጥፋ» ራሱ ሰማው። እጁን ቀስ ብሎ አወረደ። ቡችላው የቢራራን የጫማ ማሰሪያ ይጎትታል።

«ወይዘሮ ዘርትሁን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ምንዳዬ በመጨረሻ። «ቡችላውን አልሰጥዎትም። ይህን ካወቅሁ በኋላ እኔ ላሳድገው ይገባኛል።»

«ለእርሱ ቤት ነው የፈለጉት ወይስ ለሕሊናዎ ማስታገሻ?» አለች ሴትዮዋ። «እርስዎ መንገድ ሲሄዱ ከማን ጋር ሊውል ነው? እኔ ከቤት አልወጣም። የበደሉት እርሱን ነው፤ ካሣውንም እርሱ ያግኝ።»

ምንዳዬ ቡችላውን አንሥቶ ሰጣት። ቢራራ ቅርጫቱን ተሸክሞ እስከ ቤቷ አደረሰ። ምንዳዬም ከኋላ ተከተለ።

በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ምንዳዬ ተነሣ። «ባለፈው እጁ ይድረቅ ብዬ ያስረገምኋችሁ ሰው እኔ ነኝ፤ ቡችሎቹን አጥፋልኝ ብዬ ያዘዝሁት እኔ ነበርሁ» አለ። የቢራራን ስም አላነሣም። ሰዉ አጉረመረመ፤ ይህን ያህል ጊዜ ዳኛችን ያሉት ሰው ነበርና። አንዱ ሽማግሌ ብቻ አንገቱን ደፍቶ «እኔም እንዲህ ያለ ነገር ብዬ ይሆናል፤ የት አውቄው» አለ።

ቡችላው ዛሬ ትልቅ ውሻ ሆኗል። በጎመኑ መደብ መካከል ይተኛል፤ ዝንጀሮ ሲመጣ ተነሥቶ ያባርራል። ቢራራ በየሳምንቱ አጥንት ይዞለት ይሄዳል። ምንዳዬም አንድ ሥራ ሲያዝዝ «እንዴት ነው የምታደርገው?» ብሎ መጠየቅ ለምዷል።

ወዳጄ ሆይ፣ ጨካኝ ሥራ ሁሉ የሚጀምረው ከጨካኝ ሰው አይደለም። አንዳንዴ ሥራ የበዛበት ደግ ሰው ፊቱን ሳያዞር አንድ ቃል ይወረውራል፤ የሚፈራው ሰው ያን ቃል አንሥቶ ሥራ ላይ ያውለዋል። ተናጋሪው ይረሳል፤ አድራጊው ግን ከዚያ ጋር ይኖራል። ከበታችህ የሚሠራ ሰው ካለ፣ ልጅ ካለህ፣ የሚፈራህ አንድ ሰው እንኳ ካለ ይህ ታሪክ ያንተ ነው። ሌላውን ከመርገምህ በፊት ራስህን ጠይቅ፤ ዛሬ ጠዋት እየተቻኮልክ የተናገርከው ቃል አሁን በማን እጅ ላይ ነው?