ሞሪትና እትዬ ገለፈት

ተረት ስላችሁ የላም በረት እንዳትሉኝ! ዛሬስ ከበረቱም አልፌ በሬው ሆድ ውስጥ ገብቻለሁ። ጆሮ ብቻ ስጡኝ።

ድሮ ድሮ፣ አያ ጓንጉል የሚባል ገበሬ ዳለቻ የሚባል በሬ ነበረው። በዳለቻ ሆድ ውስጥ ጤፍ የማታህል ጠብታ ሞራ ትኖር ነበር፤ ስሟ ሞሪት። ሞሪት ቸር ነበረች። ዳለቻ ሲጠግብ ትቀበላለች፣ ሲርበው ትሰጣለች፤ ሲጠግብ ትቀበላለች፣ ሲርበው ትሰጣለች። ዙሪያዋን ያቀፈቻት የሞራ ሽፋኗ፣ እትዬ ገለፈት ናት። ያኔ እንደ ሸረሪት ድር የሳሳች፣ ለስላሳ ነበረች።

አንድ ቀን አያ ጓንጉል "አደልበውና እሸጠዋለሁ" ብሎ ዳለቻን ከቀንበር ፈታው፤ ከግንድ አሰረው። ጠዋት አተላ፣ ቀትር ባቄላ፣ ማታ ደግሞ አተላ! ሞሪት አበጠች። እትዬ ገለፈት ደነገጠች።

"ኧረ ቤቱ ሊፈነዳ ነው!" አለችና ክር በክር ላይ ትጠመጥም ጀመር። "አንቺም ያለሽን ያዢ፤ የሰጠ ባዶውን ይቀራል።"

ሞሪት ይህን ጠዋት ሰማች፣ ማታ ሰማች። ጊደር ከአህያ ጋር ውላ ምን ተምራ እንደምትመጣ ታውቁ የለ? ሞሪትም ንፍገት ተማረች።

ከዚያ ዝናቡ ቀረ። ገዢ ጠፋ፣ አተላው አለቀ።

በዳለቻ ገላ ሁሉ ስንቅ የሚያመላልሰው አያ ደም መጣ። "ሞሪትዬ፣ የዳለቻ ጉልበት ተብረከረከ። ጥቂት ስጪኝ።"

"እትዬን ልጠይቅ።"

"አትስጪ!" አለች እትዬ ገለፈት።

አያ ደም ዳግመኛ መጣ። "ዓይኑ ፈዘዘ። በሻኛው ያለችው እህትሽ እኮ ሰጥታ ሰጥታ አለቀች።"

"እሷማ ሞኝ ናት" አለች ሞሪት። አፉ የሞሪት፣ ቃሉ የእትዬ።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ አያ ደም መራመድ አቅቶት ነበር። "ልብ ልትቆም ነው" አለ በቀስታ።

ሞሪት ያን ጊዜ ባነነች። "ውሰድ! ሁሉንም ውሰድ!" ብላ ብትገፋ፣ ብትገፋ፣ መውጫው አልከፈት አለ። ድሩ ጠፍር ሆኗል።

"እትዬ፣ ክፈቺልኝ!"

"በምን እጄ፣ ልጄ? የጠመጠምኩት እኔንም አሰረኝ።"

ልብ ቆመች።

አያ ጓንጉልና ጎረቤቱ ቆዳውን ሊገፍፉ መጡ። ሻኛው ባዶ ከረጢት፣ ጎኑ አጥንት ብቻ። ሆዱን ሲከፍቱት ግን ሞራ! እንደ ጠፍር በከረረ ገለፈት የታሰረ፣ ሙሉ ሞራ!

"አያ ጓንጉል" አለ ጎረቤቱ፣ "በሬህ ስንቁን እንደ ቋጠረ በረሃብ ሞተ።"

አያ ጓንጉል ግንዱ ላይ የቀረውን ገመድ ትኩር ብሎ አየ።

እንግዲህ ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌንም በዳቦ እንጂ በሞራ እንዳታብሱት። ማን እንዳቀፋችሁም ዞር ብላችሁ እዩ፦ ድር ሳለ ያልበጠሱት፣ ጠፍር ሆኖ ያስራል።