ባዶው የአህዮች ቅል

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ሳይዘንብ አልፎ ወንዞቹ ሁሉ አሸዋ ብቻ በሆኑበት ዓመት፣ ሸጊቱ የምትባል አንዲት ወጣት አህያ ልቧ ተሰቅሎ ከረመ። የሰቀለው ደግሞ ተራራው ላይ ያለው የአያ አንበሶ ትምህርት ቤት ነው። ከዚያ የተመረቀ የምንጭ ጠባቂ ሆኖ ይሾማል፤ ማን ቀድሞ እንደሚጠጣ የሚወስነውም እሱ ነው። አህዮች፣ ታውቁ የለም፣ ለአገሩ ሁሉ ውሃ ሲሸከሙ ይውላሉ፤ ራሳቸው ከምንጩ የሚጠጡት ግን ሌላው ጠጥቶ ጭቃው ሲቀር ነው። ሸጊቱ ይህን ልትለውጥ ቆርጣለች። ችግሩ፣ ከሚያመለክተው መቶ እንስሳ የሚገባው ሦስት ብቻ መሆኑ ነው።

ወደ ተራራው የሚሄድ ሁሉ ታዲያ አስቀድሞ እሜቴ ቀበሮ ዘንድ ጎራ ይላል። እሜቴ ቀበሮ ዋርካ ሥር ተቀምጣ ዕድል ትገምታለች። ለየወገኑ አንድ አንድ ቅል አላት፤ ከዚያ ወገን አንድ ተማሪ በገባ ቁጥር ቅሉ ውስጥ አንድ ጠጠር ትጥላለች። ባለጉዳይ ሲመጣ የወገኑን ቅል አንስታ ትነቀንቃለች። ብዙ ከተንኳኳ ዕድሉ ሰፊ ነው፣ ጥቂት ከተንኳኳ ጠባብ ነው። በቃ፣ ሙያዋ ይኸው ነው፤ በዚህም እጅ መንሻ ትቀበላለች።

ያን ቀን ከሸጊቱ ፊት የተሰለፈው አያ ጅቦ ነበር። የሰባ የበግ ላት ይዞ መጥቷል። እሜቴ ቀበሮ ላቱን ስታይ ምራቋን ዋጠችና፣ የጅቦችን ቅል ትታ የነብሮቹን አነሳች። ጆሮው ሥር አስጠግታ ነቀነቀችው።

«ሰማህ አያ ጅቦ? ከመቶ ዘጠና።»

«አልበዛም?» አለ ጅቦ ደስታው አላስቆም ብሎት።

«ላንተማ አነሰ እንጂ» አለች፣ አይኗን ከላቱ ሳትነቅል።

ከዚያ ተራው የሸጊቱ ሆነ። እሷ ያመጣችው አንድ ጉርሻ ሣር ነው። እሜቴ ቀበሮ ሣሩን በእግሯ ገፋ አድርጋ የአህዮችን ቅል ነቀነቀች። ጸጥ አለ።

«ሰማሽ ልጄ?»

«ኧረ ምንም አልሰማሁም።»

«እሱኑ ነው የምልሽ። ከመቶ ዜሮ። ከእናንተ ወገን እስከ ዛሬ የገባ የለም። ይልቅ ሳይመሽ ወደ ጭነትሽ ተመለሽ።»

ሸጊቱም አንገቷን ደፍታ መንገድ ጀመረች። አሥር እርምጃ ያህል እንደሄደች ግን አንድ ነገር ከነከናትና ተመለሰች።

«እሜቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የገባ የለም አሉኝ። ስንት አህያ ተፈትኖ ነው የወደቀው?»

እሜቴ ቀበሮ ጆሮዋን አከከች። «ይህን ደግሞ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። የተፈተነማ የለም። የሚመጣው አህያ ሁሉ ቅሉን ሰምቶ ከዚሁ ይመለሳል። እናትሽም ልጅ ሳለች መጥታ ነበር።»

እናቷ ይህን ነግራት አታውቅም። ሸጊቱ ተናደደች፣ ወዲያው ደግሞ ደስ አላት፤ ሁለቱ ባንዴ ደረቷን ሞሉት።

«እንግዲያው ቅሉ ባዶ የሆነው ማንም ስላልሄደ ነዋ» አለችና ወደ ተራራው ጋለበች። አቧራው ዋርካውን ሸፈነው፤ እሜቴ ቀበሮም ስታስነጥስ ዋለች።

አመልካች ሁሉ ስሙ የተጻፈበትን ብራና ይዞ በሩ ላይ መቅረብ አለበት። ብራና ደግሞ የፍየል ቆዳ ነው። ከዚህ በኋላ ስለ አያ ጅቦ ምን ልንገራችሁ? መንገዱ አጋማሽ ላይ ራበው፣ ብራናውን አሸተተው፣ «ዘጠና ይዤ ይሄ ምን ያደርግልኛል» አለና ቆረጣጥሞ ዋጠው።

«ብራናህስ?» አለው አያ አንበሶ በሩ ላይ።

«ሆዴ ውስጥ ነው ጌታዬ። ግን ዘጠና ይዣለሁ።»

«የምን ዘጠና?»

«ቅሉ ተንኳኳ እኮ።»

አያ አንበሶ ጎፈሩ እስኪርገፈገፍ ሳቀና የቁልቁለቱን መንገድ አሳየው።

ከዚያ የቀሩትን ወደ ደረቁ ወንዝ ወሰዳቸው። «ፀሐይ ሳትጠልቅ ከዚህ አሸዋ ውሃ ያወጡ ሦስቱ ቀዳሚዎች ይገባሉ» አለ። ነብሩ ከድንጋይ ድንጋይ ዘለለ። ሚዳቋዋ ወንዙን ወጣች፣ ወረደች። ሸጊቱ አፍንጫዋን አሸዋው ላይ አድርጋ ዝግ ብላ ሄደች። አንድ ቦታ ቆመችና በፊት እግሯ ትምስ ጀመር። ጉድጓዱ እስከ ጉልበቷ ጠለቀ፣ አሸዋው ጠቆረ፣ ረጠበ። ቀጥሎ ውሃው ቀስ እያለ ሲሞላ ልቧ ከደረቷ ሊወጣ ደረሰ።

አያ አንበሶ ጎንበስ ብሎ ቀመሰው። «ይህን ማን አስተማረሽ?»

«እናቴ። በጋ ሲጠናብን ሁላችንም እንዲህ ቆፍረን ነው የምንጠጣው፤ ከእኛ ወገን የማይችል የለም።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?»

«ዋርካው ሥር» አለች ሸጊቱ። «ከዚያ እየተመለስን።»

አያ አንበሶ ስሟን ከሦስቱ መጀመሪያ አድርጎ ጻፈው።

ሸጊቱ ቁልቁለቱን እየዘለለች ወርዳ ዋርካው ሥር ደረሰች። ከቆፈረችው ጉድጓድ ያመጣችውን ጠጠር ከአፏ አውጥታ የአህዮች ቅል ውስጥ ጣለችው። ከዚያ እናቷን ጠራችና ራሷ እንድትነቀንቀው ሰጠቻት። እናቷ በጥርሷ ይዛ ነቀነቀችው፤ ቅሉ ተንኳኳ። ደግማ ነቀነቀችው፣ ሦስተኛም ነቀነቀችው፣ አልጠግብ አለች። በዓመቱ አሥራ አንድ አህዮች ብራናቸውን ይዘው ተራራውን ሲወጡ፣ ዋርካው ሥር ጎራ ያለ አንድም አልነበረም።

ከዚህ የምንማረው፣ ዕድላችንን የሚገምትልን «ከእናንተ ወገን የገባ የለም» ሲለን፣ አንገታችንን ደፍተን ከመመለሳችን በፊት «ስንቱ ሞክሮ?» ብለን መጠየቅ እንዳለብን ነው።