ስድስት ዓይን ያላት ቮልስ

ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት ባለው አገር፣ ሰው ልታይ ልታይ ሲል ነገር ያበላሸ እንደሆነ ወዲያው የሚወረወርበት አንድ አባባል አለ። ወርዋሪው ብዙ ነው፤ ከየት እንደመጣ የሚያውቀው ግን ጥቂት። አንዳንዱ የጥንት አባቶች ነው ይላል፣ አንዳንዱ ከመጽሐፍ የተገኘ ነው ብሎ ይምላል። ከአባቶችም ከመጽሐፍም አይደለም። የወጣው ከአንዲት ቮልስ ግንባር ላይ ነው።

ቮልሷ የጋሽ ዘርጋው ነበረች። ጋሽ ዘርጋው ደብረ ብርሃን ላይ ሁለት የእህል ወፍጮ ያለው፣ ድምፁ ግን ሁለቱ ወፍጮዎች ተደምረው የማይደርሱበት ሰው ነው። መኪናዋን ከአባቱ ወርሷት፣ ከልጆቹ አስበልጦ አሳድጓታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሲያጥባት የሚወርደው አረፋ የከተማውን ወንዝ በሬሳን ያስነጥሰዋል ይባል ነበር። ሰው "እንዴት አደርክ?" ሲለው "እኛ ደህና ነን" ብሎ የሚመልሰው እሱንና ቮልሷን ቆጥሮ ነው።

በዚያ ዓመት የልጁ የምንተስኖት ልብ ደብረ ሲና ቀረ። ሰናይት የምትባል ነርስ ወደደ። አባቷ አቶ አስናቀ ይባላሉ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በጣርማ በር ተራራ ሽቅብ ቁልቁል አውቶቡስ የነዱ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሰዓት ያከብራሉ ሲባል እንዲሁ ማክበር አይደለም። አንድ ጊዜ የገዛ ሚስታቸውን ሁለት ደቂቃ ዘገየሽ ብለው መናኸሪያ ጥለዋት ሄደዋል፤ ቤት ስትደርስም "በሚቀጥለው መኪና መጣሽ?" ብለው ነው የተቀበሏት።

እኚህ ሰው ለምንተስኖት ቤተሰብ የላኩት መልእክት እንዲህ የሚል ነበር፤ "ሽማግሌ እሁድ ጠዋት በሦስት ሰዓት ይምጣ። ሌላም የሚጠይቀኝ ቤት አለ፣ እነሱን ለሦስት ተኩል ቀጥሬያለሁ። ሁለቱም ልጆች ጨዋ ናቸው፣ ልጄም ከሁለቱ አላዳላችም። መጀመሪያ ቃሉን ላደረሰው እሺ እላለሁ፤ ሰው ማመላለስ ድሮ ሥራዬ ነበር፣ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ።"

ምንተስኖት ይህን ሲሰማ እንቅልፉ ጠፋ። "አባዬ፣ ጣርማ በር ላይ ጉም አለ። መንገዱን የለመደ ሚኒባስ እንከራይ።"

"የእኔን ሽማግሌ በኪራይ?" አለ ጋሽ ዘርጋው። "እንደ ሽንኩርት ጭኜ ልላክልህ? ልጁን ሊድር የመጣው ማን እንደሆነ ደብረ ሲና ገና ከተራራው ላይ ሳለሁ ነው ማወቅ ያለባት።"

በማግስቱ አዲስ አበባ ወርዶ አራት ፓውዛ፣ ከመኪና ግንባር የሚታሰር ተጨማሪ መብራት፣ ገዝቶ መጣ፤ ሁለቱ ቢጫ፣ ሁለቱ ነጭ፣ እያንዳንዳቸው የሰፌድ ታናሽ ወንድም የሚያክሉ። በቀጥታ ወደ ፈትለወርቅ ጋራዥ ነዳ። ፈትለወርቅ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናት፤ ዓይኗን ጨፍና ሽቦ በጣቷ ዳስሳ ቀለሙን ትናገራለች የሚሏት።

አገላብጣ አየቻቸው። "ጥሩ ዕቃ ነው ጋሼ። ቢጫዎቹ የጉም ናቸው፤ ከፊት መከላከያ ብረቱ ሥር ዝቅ አድርጌ አስራቸዋለሁ፣ መሬት መሬቱን ያዩልዎታል። ነጮቹ የሩቅ ናቸው፣ ለጠራ ሜዳ። ለየብቻቸው ማብሪያ አደርግላቸዋለሁ።"

"ለየብቻ ምን ሊሠራልኝ?"

"አብረው አይበሩማ። ጉም ውስጥ ነጩን ካበሩት ብርሃኑ ከጉሙ ተመልሶ የራስዎን ዓይን ነው የሚመታው። ነጩን አጥፍተው፣ የፊቱንም መብራት አጭር አድርገው፣ በቢጫው ብቻ ቀስ እያሉ ነው የሚታለፈው።"

ጋሽ ዘርጋው ሳቀ፤ በሳቁ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቁልፍ ሁሉ ተንኳኳ። "ስሚ ልጄ፣ መብራት ገዝቶ የሚያጠፋ ሰው የት አይተሻል? ሙክት አርዶ ሽሮ ይበላል?"

"ጉም ሲሆን ይበላል ጋሼ።"

"አይበላም። እኔ የምፈልገው አንድ ማብሪያ ነው። ቀጭ ሳደርገው የፊቶቹም፣ ቢጫዎቹም፣ ነጮቹም፣ ስድስቱም አንድ ላይ ቦግ። የአባቴን ዳሽቦርድ ሁለት ቦታ አልበሳም። ቢጫዎቹንም ከሥር አትቅበሪብኝ፤ ከነጮቹ ጎን ከላይ ደርድሪያቸው። ሰው የሚኮራበትን ነገር ከጉልበቱ በታች ያስራል?"

"እንዲያዩልዎት ነው የገዟቸው ወይስ እንዲታዩልዎት?"

"ሁለቱንም።"

ፈትለወርቅ የባትሪዋን ክዳን ከፍታ አየች። "ይቺ የድሮ ናት፣ ባለ ስድስት ቮልት። ቀስ ብላ ስትሄድ ዲናሞዋ ስድስት መብራት መቀለብ አትችልም፤ ባትሪው ያልቅና ሞተሩም ይጠፋል።"

"እና ማን ቀስ ብሎ ሊሄድ ነው?"

ከዚህ በኋላ ፈትለወርቅ ክርክሩን ተወችው። ጎረቤቷን ጎሚስታ ጠርታ፣ "ጋሼ፣ እሱ ፊት 'ፈትለወርቅ ነግራኛለች' ይበሉልኝ" አለች። ጋሽ ዘርጋው ደረቱን ነፍቶ፣ "ነግራኛለች፣ ሰምቻለሁ፣ ያልኩት ይሠራል" አለ። የተባለው ተሠራ። ሲሞከር፣ አስፋልቱን አቋርጦ ያለው የሻይ ቤት ግድግዳ ቀለሙን ለቀቀ ይላሉ ያዩት።

እሁድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሽማግሌዎቹ ተሳፈሩ። ቃል የሚናገሩት አለቃ ፍስሐ ከፊት፣ አቶ በዳኔና አቶ ቢራራ ከኋላ፤ ሦስቱም በነጭ ጋቢ፣ ሦስቱም ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደርሶ። ፀሐይ ወጥታለች፤ ሰማዩ እንደታጠበ ሳህን ጠርቷል። ጋሽ ዘርጋው ማብሪያውን ቀጭ አደረገ።

"ዘርጋው፣ ነግቷል እኮ" አሉ አለቃ ፍስሐ።

"እኔ ለመንጋቱ አይደለም አለቃ። ለክብርዎ ነው።"

ከፊት የሚመጣ ባለ ጭነት መኪና ሁሉ መብራት ረስተህ ነው ለማለት ብልጭ ብልጭ ያደርግለታል። ጋሽ ዘርጋው በእጁ አጸፋውን እየመለሰ፣ "አያችሁ፣ ይህ አገር ሰው ያከብራል" ይላል። አንዱ ሾፌር እንዲያውም አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ "ኧረ አጥፋው፣ ዓይናችንን" ብሎ ጮኸ። "ምን አለ?" አሉ አቶ ቢራራ። "መልካም መንገድ ነው ያለን" አለ ጋሽ ዘርጋው።

ጣርማ በር ሲደርሱ ጉሙ ወርዷል። የጣርማ በርን ጉም ላላየ ማስረዳት ያስቸግራል። እዚያ ጉም ሲወድቅ ሰው የገዛ እጁን ለማግኘት ሽማግሌ ይልካል። ቢላ ያለው ሰው ቆርሶ ለእንግዳ ማቅረብ ይችላል። ጋሽ ዘርጋው ግን ደስ አለው፤ አራቱ ፓውዛዎች የተገዙት ለዚህ ቀን ነውና። ሳይቀንስ ዘው አለ።

ወዲያው ከፊቱ ግድግዳ ቆመ። ነጭ፣ የሚያበራ፣ ዳር የሌለው ግድግዳ። ስድስቱ መብራቶች ያላቸውን ሁሉ ጉሙ ላይ ደፉት፣ ጉሙም አንዲት ሳያስቀር መለሰላቸው። ጋሽ ዘርጋው መንገዱ ቀርቶ የቮልሷ አፍንጫ ጠፋበት። ፍሬን ረገጠ።

አለቃ ፍስሐ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጥግ ከለሉ። "ደረስን እንዴ? ደብረ ሲና ነው ወይስ መንግሥተ ሰማያት?"

"ትንሽ ነው አለቃ፣ አሁን ይለቀናል።"

ማብሪያውን ቀጭ አድርጎ አጠፋው። ስድስቱም ጠፉ፤ ወዲያው ከፊት የጭነት መኪና ክላክስ አጓራና ነፋሱ ቮልሷን አንቀጥቅጦ በጎናቸው አለፈ። አቶ በዳኔ ከኋላ ሆነው የማርያምን ስም ሦስት ጊዜ ጠሩ። ጋሽ ዘርጋው መልሶ አበራ፤ ግድግዳው ተመለሰ። በዚያች ሰዓት የፈትለወርቅ ቃል ጆሮው ውስጥ ገብቶ እንደ ትንኝ ጮኸበት። ነጩን ብቻ ማጥፋት ቢችል። አይችልም፤ ማብሪያው አንድ ነው፣ ወይ ሁሉም ወይ ምንም።

በአንደኛ ማርሽ መዳህ ጀመሩ። አንድ ገበሬ ሦስት አህያ እየነዳ ከኋላቸው ደረሰና በመስኮቱ በኩል ጎንበስ አለ። "ጌታዬ፣ ይቺን ነገር ያጥፉልኝ፤ አህዮቼ አናይም አሉ።" መልስ ሳይጠብቅ አልፏቸው ሄደ። ኋላ ጋሽ ዘርጋው ይህን ሲያወራ አህዮቹን የውድድር ፈረሶች ያደርጋቸዋል፤ አህዮች ነበሩ፣ ያውም ጤፍ የጫኑ።

አለቃ ፍስሐ ሰዓታቸውን አዩ። ሁለት ሰዓት ከሃያ አምስት። "ዘርጋው፣ የልጅህ ነገር እኮ ነው።"

"አውቃለሁ አለቃ።" እውነትም ያውቅ ነበር። ምንተስኖት ጠዋት በር ላይ ቆሞ መስኮቱን በእጅጌው የጠረገለት ነገር ፊቱ ላይ ድቅን ብሎበታል።

አቶ በዳኔ፣ ዝምተኛው ሰው፣ አንድ ሐሳብ አመጡ። "ነጮቹንስ ጋቢ ብናለብሳቸው? የኔን ውሰድ። ሸፍነን በቢጫዎቹ ቀስ እያልን እንውረድ።"

ያን ቢያደርጉ ይደርሱ ነበር። ጋሽ ዘርጋው እንዲያውም በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን አውጥቶ ነበር። ግን በዚያው ቅጽበት ከኋላ፣ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብለው፣ ሁለት ትንንሽ ቢጫ ነጥቦች ታዩት። ሚኒባስ ናት፣ ሳትጣደፍ ትመጣለች። እግሩን መለሰው።

"ምነው?" አሉ አቶ በዳኔ ጋቢያቸውን እንደዘረጉ።

"ሰው እየመጣ ነው። አዲስ ፓውዛ ገዝቶ ጋቢ አለበሰው ልባል? እነሱ ይለፉና።"

እነሱን ሲጠብቅ ሞተሩ ሁለቴ ሳለ። ስድስቱ ዓይኖች ቀይ ሆኑ፣ ቡናማ ሆኑ፣ ተከደኑ። ሞተሩም ተከተላቸው። ባትሪው አልቋል።

ሚኒባሷ አጠገባቸው ቆመች። ውስጧ ሦስት ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች አሉ። ታላቁ መስኮት ከፈቱ። "ደህና አደራችሁ አባቶች? ወዴት ናችሁ?"

"ደብረ ሲና፣ አቶ አስናቀ ቤት" አሉ አለቃ ፍስሐ።

በሚኒባሷ ውስጥ ያሉት ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ታላቁ ሰው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "እኛም" አሉ። "የሦስት ተኩሎቹ ነን። ጉሙን ፈርተን ቀደም ብለን ወጣን። ግቡ፣ ሽማግሌ መንገድ ላይ አይጣልም።"

አማራጭ አልነበረም። የጋሽ ዘርጋው ሦስት ሽማግሌዎች ከተቀናቃኝ ሽማግሌዎች ጋር ጉልበት ለጉልበት ተገጣጥመው ተቀመጡ። ጋሽ ዘርጋው ሾፌሩን፣ "መብራቱን ማን አሠረልህ?" አለው። "ፈትለወርቅ" አለ ሾፌሩ። ጋሽ ዘርጋው ከቮልሷ ጋር ቀረ፤ ሁለቱ ቢጫ ነጥቦች ዝቅ እንዳሉ ወደ ታች ወርደው ጠፉ።

ሚኒባሷ ለሦስት ሰዓት አምስት ጉዳይ ደረሰች። እንደ ኋላ ወሬው ከሆነ ትልቁ ጭንቅ የመጣው በር ላይ ነው። "ቀጠሮው የእናንተ ነው፣ ቅደሙ" ይላሉ የሦስት ተኩሎቹ። "በእናንተ መኪና መጥተን እንዴት እንቀድማለን፣ በጊዮርጊስ" ይላሉ አለቃ ፍስሐ። ስድስት ሽማግሌ በር ላይ ሲገባበዝ አቶ አስናቀ ሰዓታቸውን እያዩ ወጡ። ማን በማን መኪና እንደመጣ ጠየቁ፣ ተነገራቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት መሪ የያዘ ሰው ፍርዱ አጭር ነው። "ያደረሰ ይናገር፣ የተሳፈረ ያዳምጥ" አሉ።

ጋሽ ዘርጋው አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጉሙ ከገለጠ በኋላ፣ በአንድ አይሱዙ በገመድ እየተጎተተ ደብረ ሲና ገባ። ተጎታች መሆኑ እንዳይታወቅ መሪውን በኃይል ያሽከረክር ነበር። ከአቶ አስናቀ ግቢ እልልታ ተሰማው። ደስታው ከጣሪያ በላይ ወጣ። ገመዱን በእጁ ፈትቶ ወደ ጎን ጣለ፣ ባርኔጣውን አስተካከለ፣ መሐረብ አውጥቶ ፓውዛዎቹን ወለወለ። "ሰማችሁ? ሳልገባ እልል አሉልኝ" አለ ለአይሱዙው ሰዎች።

አለቃ ፍስሐ ብቻቸውን ወደ በሩ ወጡ።

"ተፈቀደ?" አለ ጋሽ ዘርጋው።

"ተፈቀደ። ለሦስት ተኩሎቹ።"

ባርኔጣውን አወለቀ። ለምንተስኖት ምን ብሎ እንደሚነግረው እያሰበ ቆመ። መናገር ሲጀምር ግን የሚያውቀው ንግግር አንድ ብቻ ስለሆነ እሱው መጣለት።

"ቢሆንም አለቃ፣ እርስዎም ነበሩ፤ ይመስክሩልኝ። ጣርማ በር ከተፈጠረ እንደዚያ ያለ መብራት አይቶ ያውቃል? ተራራው በሙሉ አልበራም?"

አለቃ ፍስሐ ከላይ የጠራውን ተራራ አዩ፣ የጠፉትን ስድስት ዓይኖች አዩ፣ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና እንዲህ አሉ፤ "በርቷል ዘርጋው፤ የጉረኛ መብራት፣ ለጉም ድምቀት።"