ጊዜ ከየት አመጣህ?

አንድ አፈ ስለታም በያጅ ነበር፤ የሦስት ልጆች አባት። ይህ ሰው በስልክ የኳስ ጨዋታ የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ እጅ የሚሰጥለት ነው። ዝናው የዕድሩ ሊቀመንበር አቶ አስረግድ ጆሮ ደረሰና አንገሸገሻቸው። እሑድ የዕድሩ አባላት በተሰበሰቡበት ስሙን ጠርተው አስነሡት።

"ይህ ሰው ጢም አብቅሎ የልጅ ጨዋታ ይጫወታል! ነገ ሬሳችንን ጥሎ ወደ ጨዋታው አይሄድም ትላላችሁ? ከዕድሩ ይሰናበትልኝ!" አሉ። ከዚያም ወደ እሱ ዞረው፣ "ሥራ አለህ፣ ሚስት አለችህ፣ ልጆች አሉህ። ጊዜውን ከየትኛቸው ሰርቀህ ነው የምትጫወተው? በጉባኤው ፊት ተናገር!" ሲሉ አፋጠጡት።

ከሥራዬ ቢል ሰነፍ፣ ከልጆቼ ቢል ጨካኝ መባሉ ነው። ሚስቱ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። እሱም ጆሮው እስኪግል ቢያፍርም ቀና አለ።

"ጋሼ፣ ቀኑ የሥራዬ ነው፤ ምሽቱም የልጆቼ። ከሚስቴማ አንዲት ደቂቃ ብሰርቅ ዛሬ እዚህ በሕይወት ቆሜ አያገኙኝም። እኔ የምጫወተው እርስዎ በሚሰጡኝ ጊዜ ነው።"

"እኔ? መቼ ሰጠሁህ?"

"በየስብሰባው ነዋ! እርስዎ 'ጊዜያችሁን ላልሻማ፣ በአጭሩ' ብለው ሲጀምሩ እኔም እጀምራለሁ። 'በመጨረሻም' ሲሉ ገና ለግማሽ ፍጻሜ አልፌያለሁ። ንግግርዎን ሲያበቁ ግን ዋንጫዬን አንሥቼ፣ የሚቀጥለውን ዓመት ውድድር አጋምሼ እጠብቅዎታለሁ።"

ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ፤ የስንብቱን ነገር ደግሞ የሚያነሣም ጠፋ።